ያለ ማዕረግ ወደ ሳይንስ ክርክር ለመግባት፦ የትኛውን በር ይመርጣሉ?

ባለፈው ክረምት አንድ ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ቤቴ መጡ። የጎረቤቴ ዘመድ ናቸው፤ የሂሳብ መምህር መሆኔን ከእርሷ ሰምተዋል። ዝናብ እንዳያርሰው በላስቲክ የጠቀለሉትን ደብተር ከካፖርታቸው ውስጥ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «ይህንን ለሦስት ቦታ ልኬዋለሁ። አራት ዓመት ሆነው። ልክ ነው ያለኝ የለም፤ ስህተት ነው ያለኝም የለም።» በደብተሩ ውስጥ የነበረው ማንኛውንም ማዕዘን በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ሦስት እኩል ቦታ የመክፈል ዘዴ ነው።

ፈረንሳዊው ፒየር ቫንትዜል ይህ በጠቅላላው የማይቻል መሆኑን በ1837 አረጋግጧል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለጋሼ ይህ በሁለት መስመር ሊጻፍላቸው ይችል ነበር። አልተጻፈላቸውም። ሰው ስህተቱ ሲነገረው ያዝናል፣ ከዚያም ይማራል፤ አራት ዓመት ዝም ሲባል ግን ከማዘን በቀር የሚያደርገው ነገር የለውም።

እንደ እሳቸው የሚጠይቁኝ ብዙዎች ናቸው። አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ አሁን ነርስ ናት፤ ያነበበችው ጥናት ላይ ያለ ሠንጠረዥ አልገጥም ብሏታል። ሌላው ወፍ ፎቶ ማንሳት የሚወድ ወጣት ነው። ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «የት ልሂድ?» ይህ መመሪያ ለእነሱ ነው።

ሁለቱ መለኪያዎቼ

ሳይንስ ለሁሉም ክፍት ሆነ ሲባል አንድ ሰፊ በር የተከፈተ ይመስላል። በሮቹ ግን ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱም የሚያስገባው የተለየ ሰው ነው። እኔ በአራት እከፍላቸዋለሁ፦ ባለሙያዎች የጻፉትን መገምገም፣ ተፈጥሮን አይቶ መመዝገብ፣ በአንድ ከባድ ጥያቄ ላይ ከሌሎች ጋር መሥራት፣ የራስን ግኝት ማውጣት።

ብዙ ሰው ሲመርጥ የበሩን ዝና ያያል። እኔ ሁለት ጥያቄ እጠይቃለሁ። ማን እንደሆንኩ ሳያውቁ፣ ያቀረብኩትን ነገር ራሳቸው ሊያረጋግጡት ይችላሉ? መልስ የመስጠት ግዴታ ያለበት ሰውስ አለ? የመጀመሪያው ማዕረግ ለሌለው ሰው የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። ሁለተኛውን አብዛኛው ሰው ይረሳዋል፤ ጋሼን አራት ዓመት ደጅ ያስጠናቸው እሱ ነው።

የሌሎችን ጥናት መገምገም

አንድ ጥናት ከመታተሙ በፊት የዚያው ሙያ ሰዎች አንብበው ይተቹታል፤ ይህ የአቻ ግምገማ ይባላል። ከጥንት የነበረ ይመስላል እንጂ ኔቸር የተባለው ስመ ጥር መጽሔት እንኳ የውጭ ገምጋሚን መደበኛ ደንብ ያደረገው በ1973 ነው። ግምገማው ለሕዝብ ይከፈት የሚለው ሐሳብ ኢንተርኔት ሲስፋፋ መጣ፤ ብዙ ተስፋም ተጣለበት።

በ2006 ኔቸር ራሱ ሞከረው። ለአራት ወር ያህል፣ ደራሲዎቹ የፈቀዱት ጽሑፍ በግምገማ ላይ ሳለ በኢንተርኔት ይለጠፋል፤ ስሙን የገለጸ ሰው ሁሉ አስተያየት ይሰጥበታል። ለግምገማ ከተላኩት 1,369 ጽሑፎች የፈቀዱት የ71ዱ ደራሲዎች ብቻ ነበሩ። ከ71ዱ 33ቱ አንድም አስተያየት አላገኙም። በቀሩት 38 ላይ በድምሩ 92 ሙያዊ አስተያየት ተሰጠ፤ ከዚያም ውስጥ 49ኙ የተከመረው ስምንት ጽሑፎች ላይ ነው። መጽሔቱ ሙከራውን በዚያው አቆመ። ከዚያ በኋላም በ2013 በአሜሪካ መንግሥታዊ የሕክምና ጽሑፎች ማኅደር ላይ ፐብሜድ ኮመንስ የተባለ የአስተያየት መስጫ ተከፈተ። አስተያየት ለመስጠት በማኅደሩ የተመዘገበ ጽሑፍ ደራሲ መሆን ያስፈልግ ነበር፤ አማተር አይገባም ማለት ነው። ባለሙያዎቹም አልመጡም። በ2018 ተዘጋ።

በር ስለተከፈተ ብቻ እንግዳ አይመጣም። የተሳካላቸውን ስናይ የተሳካላቸው ሌላ ነገር ስለጨመሩ ነው። አትሞስፌሪክ ኬሚስትሪ ኤንድ ፊዚክስ የተባለው የአውሮፓ መጽሔት ከ2001 ጀምሮ ጽሑፎችን ለውይይት ይለጥፋል፤ የተጋበዙት ገምጋሚዎች አስተያየት እዚያው ይታተማል፣ ደራሲው እዚያው ይመልሳል፣ ከውጭ የመጣ አስተያየትም ከጽሑፉ ጋር ለዘለቄታው ይቀመጣል። እዚህ አርታኢው ገምጋሚዎችን አፈላልጎ ያመጣል እንጂ ሰው እስኪመጣ አይጠብቅም። ኤፍ ሺህ ሪሰርች የተባለው መድረክም የገምጋሚዎቹን ሪፖርት ከነስማቸው ያወጣል። በሁለቱም ላይ ከውጭ አስተያየት የሚሰጥ ሰው ስሙን መግለጽ አለበት፤ የሚጽፉትም በአብዛኛው የዚያው ሙያ ሰዎች ናቸው። ለጀማሪ እነዚህን የምመክረው እንዲያነብባቸው ነው። የኮምፒውተር ትምህርት ላይ ላሉ ወጣቶች ደግሞ ኦፕን ሪቪው የተባለ ድረ ገጽ አለ፤ በማሽን ትምህርት፣ ማለትም ኮምፒውተር ከመረጃ ራሱ እንዲማር በሚያደርገው ዘርፍ፣ ዝነኛ የሆነው የአይክለር ጉባኤ ግምገማውን እዚያ ያካሂዳል። የገምጋሚ ጥያቄ፣ የደራሲ መልስ፣ የውሳኔው ምክንያት በግልጽ ይነበባል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስማር እንዲህ ያለ ነገር ያሳየኝ ሰው አልነበረም፤ ዛሬ ማንም ተማሪ ያለ ክፍያ ሊማርበት ይችላል።

አማተር በእውነት የሚጽፍበትን ቦታ ከጠየቁኝ ፐብፒር እላለሁ። በ2012 የተከፈተ ሲሆን በታተሙ ጥናቶች ላይ ስም ሳይገልጹ አስተያየት ለመስጠት ይፈቅዳል። በምትኩ ጥብቅ ነገር ይጠይቃል፦ የሚጻፈው ማንም ሰው ከሕዝብ መረጃ ተነስቶ ሊያረጋግጠው የሚችል መሆን አለበት። ስምዎ የማይጠየቀው ማስረጃው ስለሚጠየቅ ነው። የመጀመሪያውን መለኪያዬን ከዚህ የተሻለ የሚያሟላ የለም።

የነርሷን ጉዳይ ላሳይ። ጥናቱ በአንድ ቡድን 60 ሕሙማን እንደነበሩ ይናገራል፤ ሠንጠረዡ ከእነዚህ ውስጥ 34.2 በመቶው ዳኑ ይላል። ወረቀትና እርሳስ ይዘን ተቀመጥን። ከ60 ሰው 20 ከዳነ 33.3 በመቶ ነው፤ 21 ከዳነ 35.0 በመቶ። በመሃል ሌላ ሰው የለም፤ ሕመምተኛ አይከፈልም። «ያቋረጡ ሰዎች ቢኖሩስ?» አለችኝ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። 59 ሲሆኑ 33.9፣ 58 ሲሆኑ 34.5፣ 57 ሲሆኑ ወይ 33.3 ወይ 35.1 ይመጣል። 34.2 የትም የለም። ስለዚህ ወይ የሕሙማኑ ቁጥር ጽሑፉ ከሚለው በጣም ያነሰ ነው፣ ወይ በመቶኛው ተሳስቷል። ለምሳሌ 38 ሰዎች ቢሆኑ 13ቱ 34.2 ይሆናሉ። ይህንን ለማየት የሕክምና ዶክትሬት አያስፈልግም።

ይህ የምርመራ ዘዴ ስም አለው፤ ግሪም ይባላል። በ2016 ያወጡት ኒክ ብራውንና ጄምስ ሄዘርስ ናቸው። የብራውን ታሪክ አማተር ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው። ዕድሜውን በኮምፒውተር ሙያ የገፋ እንግሊዛዊ ነው፤ ከሃምሳ ዓመቱ በኋላ ለንደን ውስጥ በትርፍ ጊዜው የሥነ ልቦና ማስተርስ ሲማር አንድ በ2005 የወጣ ዝነኛ ጽሑፍ ክፍል ውስጥ ቀረበ። ጽሑፉ አንድ ሰው ለአንድ መጥፎ ስሜት ከ2.9013 በላይ በጎ ስሜት ካለው ሕይወቱ ያብባል ይላል። ብራውን ከነጥብ በኋላ አራት አሃዝ ያለው የሰው ስሜት ልኬት ከየት መጣ ብሎ ቆፈረ። እኩልታዎቹ የተወሰዱት ስለሚሞቅ ፈሳሽ እንቅስቃሴ ከተጻፈ ሥራ ነበር። ሂሳቡን ብቻውን እንደማይወጣው ስላወቀ ለፊዚክስ ሊቁ ለአለን ሶካል ጻፈለት። ሁለቱ ከሥነ ልቦና ምሁሩ ከሃሪስ ፍሪድማን ጋር ሆነው ትችታቸውን በ2013 ዋናውን ጽሑፍ ባወጣው በዚያው መጽሔት ላይ አሳተሙ፤ የሂሳብ ክፍሉም ተሻረ። ልብ ይበሉ፤ ብራውን ስለ ደስታ አዲስ ንድፈ ሐሳብ አላመጣም። አንድ ቁጥር ይዞ መጨረሻው ድረስ ተከተለው።

ስለዚህ በዚህ በር የሚገቡ ከሆነ ስለ ጽሑፉ ጠቅላላ ዋጋ አይፍረዱ። ገጹን፣ ሠንጠረዡን፣ መስመሩን ጠቅሰው ስሌቱን ያስቀምጡ። «ቁጥሩ አይገጥምም» ይበሉ፤ «ዋሽተዋል» አይበሉ። የመጀመሪያውን ማሳየት ይችላሉ፣ ሁለተኛውን አይችሉም። በእኛ አገር ደግሞ የሙያው ሰው ጥቂት ነው፤ ጽሑፉን ከጻፉት አንዱ የነርሷ አለቃ ወይም የአለቃዋ ጓደኛ ሊሆን ይችላል። ስም ሳይገልጹ መጻፍ የፍርሃት ምልክት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ እንጀራዋ በዚያ ላይ የተመሠረተ ሰው እንደዚያ እንድታስብ አልፈልግም።

የዚህ በር ድካሙ በሁለተኛው መለኪያ ላይ ነው። ደራሲው እንዲመልስ የሚያስገድደው የለም። ነርሷ ከጻፈች ወራት አልፈዋል፤ እስካሁን መልስ የለም። ቢሆንም አስተያየቷ እዚያው አለ፤ ጽሑፉን ፈልጎ የመጣ ሁሉ ያየዋል። ከደብተር ውስጥ ከመቅረት በብዙ ይሻላል።

አይቶ መመዝገብ

ከአራቱ ሰፊው በር ይህ ነው። በ2007 ኦክስፎርድ ውስጥ አንድ የዶክትሬት ተማሪ በአንድ ሳምንት 50,000 የጋላክሲ ፎቶዎችን በዓይኑ ለይቶ ደከመው፤ የቀረው ወደ አንድ ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። ባልደረቦቹ ጋላክሲ ዙ የተባለውን ፕሮጀክት ከፈቱ፤ ማንም ሰው ፎቶውን አይቶ ክብ ነው፣ ጠመዝማዛ ነው ብሎ ይመርጣል። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ150,000 በላይ ሰዎች ከ50 ሚሊዮን በላይ ምርጫ ሰጡ።

ይህን ያህል ሰው ሲሳተፍ ስህተት እንዴት ይታረማል? አንድን ጋላክሲ ብዙ ሰው ያየዋል፤ የአንዱ ስህተት በሌሎቹ ይታረማል። ሁሉም የሚሳሳቱት ስህተት ቢኖርስ? ኖሮም ያውቃል። ከጠመዝማዛዎቹ ውስጥ በሰዓት አቆጣጠር ተቃራኒ የሚዞሩት በዝተው ተገኙ፤ እውነት ቢሆን ኖሮ ስለ ዩኒቨርስ አንድ ትልቅ ነገር ይናገር ነበር። ሳይንቲስቶቹ የተወሰኑትን ፎቶዎች በመስታወት እንደሚታዩ ገልብጠው መልሰው አቀረቡ። አሁንም ሰዎች «ወደ ተቃራኒው» የሚለውን አብዝተው መረጡ። ያጋደለው የሰው ዓይን እንጂ ሰማዩ አልነበረም። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እነግራለሁ፤ አማተርን ማክበር ማለት ሥራውን እንዲህ አድርጎ መፈተሽ ነው ብዬ አምናለሁ።

በዚያው በ2007 ሃኒ ቫን አርከል የተባለች ኔዘርላንዳዊት መምህርት ከአንድ ጋላክሲ ሥር ያለ እንግዳ ጉም አይታ «ይህ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። በቅርቡ በጠፋ የጋላክሲ እምብርት ብርሃን የተለኮሰ የጋዝ ደመና ሆኖ ተገኘ፤ በስሟም ተጠራ። ዛሬ በዙኒቨርስ ስር ከእንስሳት ፎቶ እስከ አሮጌ የእጅ ጽሑፍ ብዙ ፕሮጀክት አለ፤ ምዝገባ ሳያስፈልግ እንኳ መጀመር ይቻላል።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ግን ከሩቅ ሰማይ ይልቅ ደጁ ያለው ይበልጥ ያዋጣል። ኢበርድ በ2002 የተጀመረ የወፍ መመዝገቢያ ነው፤ ያዩትን ወፍ፣ ቁጥሩን፣ ቦታውንና ሰዓቱን ያስገባሉ። ባለፈው ዓመት ጣና ዳር ሁለት ባለ ዘውድ ክሬኖች አይቼ ቸኩዬ «ግራጫ ባለ ዘውድ ክሬን» ብዬ መዘገብኩ። ከሦስት ቀን በኋላ የአካባቢው መዝገብ ተቆጣጣሪ ጻፈልኝ፦ አንገቱ ግራጫ ነበር ወይስ ጥቁር? ጉሮሮው ላይ ትልቅ ቀይ ሥጋ ተንጠልጥሏል? ፎቶዬን አጉልቼ አየሁ። አንገቱ ጠቁሯል፤ የተንጠለጠለ ትልቅ ሥጋም የለም። በአገራችን የተለመደው ጥቁር ባለ ዘውድ ክሬን ነበር። አስተካከልኩት፤ ተቆጣጣሪውም አመሰገነኝ። ማን እንደሆንኩ አልጠየቀኝም፤ የጠየቀኝ ስለ አንገቱ ነው። ሁለቱንም መለኪያዎቼን በአንድ ጊዜ የሚያሟላ ቦታ ሌላ ብዙ አላውቅም።

ተክል፣ ነፍሳት፣ እንሽላሊት ለሚወድ ደግሞ ከ2008 ጀምሮ ያለው አይናቹራሊስት ይሻላል። ፎቶ፣ ቀንና ቦታ ያስገባሉ፤ ሌሎች ተጠቃሚዎች ዝርያውን ይለያሉ፤ ከለዪዎቹ ከሁለት ሦስተኛ በላይ በዝርያው ሲስማሙ መረጃው ለምርምር የሚበቃ ተብሎ ወደ ዓለም አቀፉ የብዝኃ ሕይወት ማኅደር ይሄዳል። ሁለቱም የስልክ መተግበሪያዎች መስክ ላይ ያለ ኔትወርክ ይሠራሉ፤ ከተማ ሲደርሱ መላክ ይቻላል።

ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በ1990 ነጭ ሳር ፓርክ ውስጥ መንገድ ላይ ሞቶ ከተገኘ ናይትጃር የሚባል የሌሊት በራሪ ወፍ የተረፈው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ያ ክንፍ ተጠንቶ በ1995 አዲስ ዝርያ ተብሎ ተገለጸ፤ ሳይንሳዊ ስሙም ከ«ብቸኛ ክንፍ» የወጣ ነው። እንዲህ ባለ አገር የሚኖር፣ ስልኩ ላይ ካሜራ ያለው ሰው «እኔ ምን አውቃለሁ» ሲል ያሳዝነኛል።

ጉድለቱን ልናገር። ስምዎ በጥናቱ ላይ ላይወጣ ይችላል፤ ከመቶ ሺዎች አንዱ ነዎት። ጥያቄውንም የሚመርጡት ሌሎች ናቸው። ይህ የሚያስከፋዎት ከሆነ ቀጣዩን ይመልከቱ።

በአንድ ጥያቄ ላይ አብሮ መሥራት

በ1962 ቲቦር ራዶ የተባለ የሂሳብ ሊቅ አንድ ጥያቄ አነሳ። በጣም ቀላል የሆነች ምናባዊ ኮምፒውተር አስቡ፤ ሪባን ላይ 0 እና 1 ብቻ ትጽፋለች፣ ያሏትም የተወሰኑ ሁኔታዎች፣ ማለትም ቀጥሎ የምታደርገውን የሚወስኑ ደንቦች ናቸው። አንዳንዶቹ ማሽኖች ለዘለዓለም ይሄዳሉ፤ አንዳንዶቹ ይቆማሉ። ከሚቆሙት ውስጥ ረጅሙን የሄደችው ስንት እርምጃ ትሄዳለች? ለአምስት ሁኔታ በ1989 ሁለት ጀርመናውያን ከ47,176,870 እርምጃ በኋላ የምትቆም ማሽን አገኙ። ከእርሷ የምትበልጥ አለመኖሯን ግን ማንም ማሳየት አልቻለም።

በ2022 ከየአገሩ የተሰባሰቡ ሰዎች ሥራውን ተካፈሉት፤ አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አልነበሩም። በሐምሌ 2024 መልሱ ያው 47,176,870 መሆኑ ተረጋገጠ። ማረጋገጫውን በመጨረሻ ያጠናቀቀው ሰው በቅጽል ስም ብቻ የሚታወቅ ነው። ታዲያ የማይታወቅ ሰው እንዴት ታመነ? ማረጋገጫው የተጻፈው በወቅቱ ኮክ ይባል በነበረ ፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን እርምጃ ራሱ ይፈትሻል፣ አንድ ቀዳዳ ካለ አይቀበልም። ፕሮፌሰርም ይጻፈው እረኛ፣ ለኮክ ልዩነት የለውም። ፕሮግራም መጻፍ የሚችል፣ ሰፊ ትዕግሥት ያለው፣ ዲግሪ ግን የሌለው ወጣት ቢጠይቀኝ ያለ ማመንታት ወደዚህ ዓይነት ሥራ እልከዋለሁ።

ከዚህ የቀደመው ፖሊማዝ የተባለው የጋራ የሂሳብ ሥራ በ2009 በሂሳብ ሊቁ በቲም ጋወርስ ተጀምሮ አንድ ከባድ ችግር በሰባት ሳምንት ገደማ የፈታ ነው፤ ውጤቱም በጋራ የብዕር ስም ወጣ። ይሁን እንጂ እዚያ ፍጥነቱን የሚመሩት የዓለም ምርጥ ሊቃውንት ናቸው፤ አንድ ቀን የቀረ ሰው መልሶ አይደርስባቸውም። ፎልዲት የተባለው የፕሮቲን እንቆቅልሽ ጨዋታ ለጀማሪ ይቀላል። ተጫዋቾቹ በ2011 ባለሙያዎችን ከአሥር ዓመት በላይ ያስቸገረውን የአንድ የዝንጀሮ ቫይረስ ኢንዛይም ቅርጽ በሦስት ሳምንት ውስጥ አገኙ። በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ናቸው፤ የማይቆራረጥ ኢንተርኔትም ይፈልጋሉ። ለብዙዎቻችን ትክክለኛው እንቅፋት ይህ ነው፤ ልደብቀው አልፈልግም።

የራስን ግኝት ማውጣት

ሁሉም መጀመር የሚፈልገው ከዚህ ነው። እኔ ግን በመጨረሻ ነው የምመክረው።

በ2011 አንድ ስሙ የማይታወቅ ሰው፣ የአንድን ተከታታይ ፊልም ክፍሎች በሁሉም ዓይነት ቅደም ተከተል ለማየት ቢያንስ ስንት ማየት ያስፈልጋል ለሚል ጥያቄ «ከዚህ ቁጥር ሊያንስ አይችልም» የሚል ከፊል መልስ ጻፈ። መልሱ ትክክለኛና አዲስ የሂሳብ ማረጋገጫ ነበር። የተጻፈው ግን የሂሳብ ሊቃውንት እምብዛም በማያዩት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ስለሆነ ሰባት ዓመት ተቀበረ፤ በ2018 ሌሎች አግኝተው በወጉ ሲጽፉት የመጀመሪያውን ደራሲ ቦታ ለዚያ ስም የለሽ ሰው ሰጡት። ልክ መሆን ብቻውን አይበቃም፤ የተቀመጠበት ቦታም ይወስናል።

በሌላ በኩል ዴቪድ ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ ጡረተኛ የኅትመት ቴክኒሻን አለ። በቅርጾች መጫወት ይወዳል። በ2022 አንድ ባለ 13 ጎን ቅርጽ አገኘ፤ በወፍራም ወረቀት ቆርጦ ቢደረድረው ክፍተት ሳይተው ይሞላል፣ ንድፉ ግን አይደጋገምም። ሊቃውንት ለአሥርተ ዓመታት የፈለጉት ነገር ነው። ስሚዝ ለጆርናል አልላከም። ይህንኑ ጉዳይ ለሚያጠናው ለክሬግ ካፕላን ቅርጹን ላከለት፤ ቅርጹን ማንም ቆርጦ ሊሞክረው ይችላል። አራት ሆነው ማረጋገጫውን በመጋቢት 2023 አወጡ፤ የመጀመሪያው ስም የስሚዝ ነው።

ያወጡት አርካይቭ ላይ ነው። ከ1991 ጀምሮ ያለ የቅድመ ኅትመት ማኅደር፣ ማለትም ጽሑፍ በጆርናል ከመታተሙ በፊት የሚቀመጥበት ቦታ ሲሆን ለደራሲም ለአንባቢም ነጻ ነው፤ አዲስ ሰው ለማስገባት ግን ቀደም ብሎ እዚያ የጻፈ የዘርፉ ሰው ድጋፍ ይጠየቃል። ድጋፍ ፍለጋ በውጭ ላለ የአገር ልጅ ሁሉ መጻፍ የተለመደ ሆኗል። ዘመድነት አይበቃም፤ ስለዚያው ጉዳይ የጻፈውን ሰው ፈልገው፣ ጽሑፉን አንብበው፣ የእርስዎ ነጥብ ከየትኛው ገጹ ጋር እንደሚገናኝ ይንገሩት። ቫይክስራ የተባለው ማኅደር ደጋፊ አይጠይቅም። ስለማይጠይቅም የሙያው ሰዎች አይገቡበትም፤ የጋሼ ደብተር እዚያ ቢለጠፍ ዝምታው ይቀጥላል።

ከሁሉም በላይ የምጠላው በር አለ። «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብሎ የሚጀምር፣ በሳምንት ውስጥ ተቀባይነትን የሚያረጋግጥ፣ ከዚያ በዶላር የሚያስከፍል ጆርናል። አማተሩንም ወጣቱን መምህርም ያጠምዳል። ገንዘቡ ይሄዳል፤ ጽሑፉን ግን ማንም አላነበበውም። እውነተኛ ጆርናሎችም አንዳንዶቹ ያስከፍላሉ፤ ልዩነቱ ከክፍያው በፊት አንድ ሰው ጽሑፍዎን አንብቦ ከባድ ጥያቄ መጠየቁ ላይ ነው። ያልተጠየቁ ከሆነ አይክፈሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጽሑፍዎን በሰው ሠራሽ አስተውሎት አስረዝመው አይላኩ። ባለሙያዎች እንዲህ ባለ ጽሑፍ ተጥለቅልቀዋል፤ ከመጀመሪያው አንቀጽ ይለዩታል፣ ይዘጉታል። በራስዎ ቋንቋ የተጻፈ፣ ሰዋስዉ የተሰባበረ አንድ ገጽ የበለጠ ይነበባል።

ጥርጣሬ ካለዎት መጀመሪያ ጥያቄ ያድርጉት። ለሂሳብ ማዝ ስታክ ኤክስቼንጅ አለ፤ «ይህን አገኘሁ» ከማለት «ሦስተኛው መስመር ላይ ስህተቱ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን መልስ ያስገኛል።

የጋሼ ደብተር

ጋሼ ዘንድ ልመለስ። ዘዴያቸውን ከሥር ከሥሩ አየነው። ማዕዘኑን ሁለት ጊዜ ለሁለት ይከፍሉታል፤ ሩብ ይሆናል። በሩቡ ላይ የሩቡን ሩብ ይጨምራሉ፣ በዚያ ላይ ደግሞ የዚያን ሩብ፤ የመጀመሪያውን ሩብ ጨምሮ አራት ጊዜ። ለ60 ዲግሪ 19.92 ገደማ ይመጣል። ከ20 የጎደለው 0.08 ዲግሪ አይሞላም፤ በደብተር ላይ በማዕዘን መለኪያ ይህን ማየት አይቻልም። ቀያሽ ናቸው፤ እጃቸው የረጋ ነው፣ መስመራቸው ቀጭን ነው፤ ለዚህም ነው ልክ ነው ብለው ያመኑት።

የቫንትዜልን ነገር ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ በየእርምጃው የሚቀረው ስህተት በትክክል ወደ ሩብ እንደሚወርድ ጻፍኩላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ።

«ስድስት ጊዜ ብሄድስ?»

«ስህተቱ 0.005 ዲግሪ አይሞላም፣ ጋሼ።»

«በስንት መስመር?»

አላውቅም ነበር። እስክሪብቶዬን ተቀብለው አዲስ ገጽ ገለጡና ከላይ «የመስመር ብዛትና ስህተት» ብለው ጻፉ። መቁጠር ጀመሩ።